የአባቴ ክንድ

«የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነርስ ሆኜ ከተመረቅኩ ወዲህ አንዴ ብቻ ነው ያየሁት። ሌላው ሁሉ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ይላል። ከየት ላምጣ? በኪሎ አይሸጥ! ሥራ ካልሰጡኝ ልምድ የለኝም፤ ልምድ ከሌለኝ ሥራ አይሰጡኝም። አንዱ ሆስፒታል፣ ሠራተኛ የሚቀጥረውን ሰውዬ ይህንኑ ብነግረው ሳቀና «እሱስ ልክ ነሽ» አለኝ። ልክ መሆኔን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሰፈር ውስጥ ግን ሥራ አጥቼ አላውቅም። ከተመረቅኩ ጀምሮ ስሜ ቀርቶ «ሲስተር» ሆኛለሁ። የደም ግፊቱ የጨመረ የመሰለው፣ የልጇ ትኩሳት አልወርድ ያላት ሁሉ በራችንን ያንኳኳል። «ሲስተር፣ እስቲ እንዲያው እይልኝ!» አይላቸዋለሁ። «ተባረኪ» ብለውኝ ይሄዳሉ። በተባረኪ ቢሆን እስካሁን የነርሶች አለቃ፣ ሜትሮን በሆንኩ።

አክስቴ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ዲፕሎማዬን ባየች ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትላለች። መጋረጃ ቤት አላት፤ ሻጭዋ አግብታ ሄዳባታለች። ሰኞ ካልጀመርኩላት ሌላ ሰው ልትቀጥር ነው። አክስቴን አልጠላትም፣ ደግ ሴት ናት። ግን አንዴ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከገባሁ እንደማልወጣ አውቀዋለሁ። ከሥራ የራቀ እጅ ይፈታል። ዓመት ሲያልፍ ደግሞ «ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበርሽ?» ይላሉ። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ይሏታል።

እጄ እስካሁን ያልተፈታው በአባቴ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ መሪ ሲጠመዝዝ ስለኖረ ክንዱ ላይ ያለው ደም ስር ገመድ ነው የሚያክለው። «ቆሞ የከረመ መኪና ባትሪው ይሞታል» ይልና ቶሎ ቶሎ እጅጌውን ሰብስቦ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ክንዱን ይዘረጋልኛል። ጓንቴን አጠልቃለሁ፣ ጎማውን ከክርኑ በላይ አስራለሁ፣ በአልኮል እጠርጋለሁ፣ ካኑላውን እከታለሁ። ካኑላ ያቺ ግሉኮስ የሚሰቀልባት ናት፤ መርፌው ሲወጣ ቀጭኗ ላስቲክ ደም ስር ውስጥ ትቀራለች። አንድም ቀን ስቼው አላውቅም። እማዬ ግን ማየት አትወድም። «ሰውዬውን ወንፊት አደረግሽው እኮ!» ትልና ወጥታ በሩን ትዘጋዋለች።

ዜሮ ዓመት ያለው ማስታወቂያ የአንድ የግል ክሊኒክ ነበር። ስንመዘገብ የሚለማመዱበት የላስቲክ ክንድ ተበላሽቶባቸዋልና ለተግባር ፈተናው እያንዳንዳችን ክንዱን የሚሰጠን ሰው ይዘን እንድንመጣ ነገሩን። ሌሎቹ «ማን እሺ ይለናል?» እያሉ ሲያጉረመርሙ እኔ በሆዴ እልል አልኩ። ከአባቴ የበለጠ ክንድ ከየት ይመጣል?

አባቴ ስነግረው ሱፉን ከሻንጣ አወጣ። ጫማውን ሁለቴ ጠረገ። «መንጃ ፈቃድ ሳወጣ እንኳ እንዲህ አልጨነቀኝም» አለ። በማግስቱ ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ ለባብሶ በር ላይ ቆሟል። እማዬ ሻይ ይዛ ብትከተለንም «ስንመለስ፣ ስንመለስ» ብሎ አጣድፎ አስወጣኝ። እኔም የፈተናውን ቅደም ተከተል በልቤ እየደጋገምኩ ስለነበር ልብ አላልኩትም።

የፈተናው ክፍል ጠባብ ነው፤ ሁለት አልጋ፣ መሀላቸው መጋረጃ። መጋረጃው ከላይ ሁለት ቀለበት ወልቆበት ተንዘላዝሏል። አክስቴ ብታየው እዚያው ሌላ በሸጠችላቸው። ከመጋረጃው ወዲያ አብራኝ የተማረች ልጅ አለች፤ ቦርሳዋን የትም ስለምትረሳ «ዝንጉዋ» እንላታለን። እሷ ጆንያ ተሸካሚ ወንድሟን ነው ያመጣችው። የምትፈትነን ሜትሮኗ ናት፤ ደረቷ ላይ ሰዓት ያንጠለጠለች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ትልቅ ሴት።

እጄን ታጠብኩ። የገዛ አባቴን እንደማላውቀው ሰው «እንደምን አደሩ፣ ስምዎን ይነግሩኛል?» አልኩት፤ እንደዚያ ነዋ የተማርነው። ስሙን ከነአያቱ ነገረኝ። ሜትሮኗ ፈገግ አለች። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሸጋ ነበር።

ጎማውን አስሬ በጣቴ ስዳብስ ግን ደም ስሩ የለም። ገመዱ ጠፍቷል! «ጨብጥ፣ ክፈት» አልኩት። ጨበጠ፣ ከፈተ። ክንዱ ቀዝቅዟል፣ ቆዳው ደርቋል። ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ «አባዬ፣ ውሃ ጠጥተሃል?» አልኩት።

«ኧረ ምን ቆርጦኝ!» አለኝ ኮራ ብሎ። «ከትናንት ምሳ ወዲህ ጠብታ አልቀመስኩም። ሕክምና ቤት የሚኬደው በባዶ ሆድ አይደል?»

ጉድ ፈላ። አባቴ ሕክምና ቤት የሚያውቀው ለደም ምርመራ ነው፤ በባዶ ሆድህ ና ብለውት በባዶ ሆዱ ይሄዳል። ዛሬ ደግሞ የልጁ ጉዳይ ነውና ከሆዱ አልፎ ጉሮሮውንም ዘጋልኝ።

ደም ስሩ ይኖር የነበረበትን ቦታ በልቤ ይዤ ወጋሁት። ደም የለም። «አላመመኝም» አለ አባቴ፤ ማንም አልጠየቀውም።

«ይቅርታ፣ ትንሽ ውሃ ቢጠጣ፣ ክንዱንም በሙቅ ጨርቅ ባሞቀው...» አልኩ ወደ ሜትሮኗ ዞሬ።

ጨርቁን ሰጠችኝ። «ውሃውን ተይው» አለች። «ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ያደረ ሰው ቢመጣልሽ፣ ሄደህ ጠጥተህ ተመለስ ልትዪው ነው?»

እውነቷን ነው። ክንዱን በደንብ ሳላሞቅ ከመጋረጃው ወዲያ የዝንጉዋ ድምፅ «ገባ!» ሲል ሰማሁና እኔም ቸኮልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የወጋሁት ቦታ እያየሁት አበጠና ሰማያዊ ሆነ። ልደግም ስል ሜትሮኗ እጄን ያዘችኝ። ጓንት አጥልቃ የአባቴን ሌላኛውን እጅ አነሳች። ከአውራ ጣቱ በላይ አንጓው ላይ ዳበሰች፣ ዳበሰች፣ ከዚያ አስገባችው። «ይቺ ሁሉም ሲጠፋ የምትገኝ ናት» አለች።

«ከአባትሽ ሌላ ማን ላይ ሠርተሻል?» አለችኝ ቀጥላ።

«ትምህርት ቤት የነበረው የላስቲክ ክንድ ላይ። ለልምምድ ስንወጣ ደግሞ ብዙ ሆነን አንድ አልጋ ከበን እናያለን እንጂ አያስነኩንም ነበር።»

«አንድ ክንድ ነው የምታውቂው፣ ልጄ። ልምድ ሲኖርሽ ተመለሺ።»

«ዜሮ ዓመት አይደል ያላችሁት?» አመለጠኝ።

ጓንቷን እያወለቀች ወለሉን አየች። «ዜሮ ያልነው ደሞዙን ለማሳነስ ነው» አለች።

አባቴን ይዤ ወጣሁ። ሁለቱም እጁ ላይ ጥጥ ተለጥፎበታል፤ የሱፉን እጅጌ ማውረድ አቅቶት ነበርና አወረድኩለት። ተናድጄበት ነበር። መሀል መንገድ ላይ ቆሜ ብጮህበት ደስ ይለኝ ነበር፤ ደግሞ ያን ማሰቤ ራሴን አስጠላኝ።

«ደም ስሩ ለምንድነው የጠፋው?» አለኝ።

«ውሃ ሲያንስ ይጠፋል፣ አባዬ።»

ቀጥ ብሎ ቆመ። «ውሃ? በቃ ውሃ?» ከኋላችን የሚመጡት ሰዎች እየተጋፉን አለፉ። «አይ እኔ! ራዲያተሩን ባዶ አድርጌ ነዋ ዳገት የወጣሁት!»

«አንተ ምን አጠፋህ?» አልኩት።

ቤት እንደገባን ማሰሮውን ይዞ ተቀመጠ። ጠጣ፣ ጠጣ፣ እማዬ «ሰውዬ፣ ልትፈነዳ ነው እንዴ?» እስክትለው ድረስ። እኔ አልጋዬ ላይ ተጠቅልዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ወደ ማታ ላይ ጠራኝ። ወጥ ቤት ስገባ እጅጌው ተሰብስቧል፣ ክንዱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ካበጠው ቦታ በላይ ደም ስሩ ተመልሶ ገመድ ሆኗል።

«በይ» አለኝ።

«ተው አባዬ፣ ዛሬስ ይብቃህ።»

«በይ አልኩሽ!»

አንዲት ካኑላ ቀርታኝ ነበር። ታጠብኩ፣ አሰርኩ፣ ጠረግኩ፣ ወጋሁ። በመጀመሪያው ገባ። ደሙ ብቅ አለ፣ ላስቲኳ ሸርተት ብላ ገባች።

«ገባ?»

«ገባ።»

«ነይ እዪ! ነይማ!» ብሎ እማዬን ጠራት። ማየት የማትወደዋ እማዬ መጥታ አየች። «ጎሽ የኔ ልጅ» ብላ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

ካኑላዋን አውጥቼ ጥጥ ጫንኩበት። «ጫን አድርገህ ያዘው» አልኩት። ያዘው።

«አሁን ደውዪላቸው» አለኝ። «ገባ በያቸው። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ንገሪያቸው፤ ከፈለጉ አሁኑኑ እሄዳለሁ፣ እዚያው ፊታቸው ይዩት።»

ስልኬን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ብዙ አላወራሁም። ስመለስ እንዳስቀመጥኩት ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

«ምን አሉ?»

«አክስቴ ጋ ነው የደወልኩት፣ አባዬ። ሰኞ እጀምራለሁ።»

አላየኝም። ዓይኑ ጥጡ ላይ ነው።

«ደሙ ቆሟል እኮ፣ አሁን ልቀቀው» አልኩት። አልለቀቀውም።