ጋዜጣ የማይገዙ ደንበኞቼ

በግሪክ አገር፣ በቮሎስ ወደብ ዳር ባለችው ኪዮስኬ ውስጥ ጋዜጣ ስሰቅል አሮጊት ሆንኩ፤ የምሸጠው ግን ሲጋራና ውሃ ነው። የሰፈሬ ሰው ጋዜጣ አይገዛም። ጠዋት ጠዋት በመቆንጠጫ ከሰቀልኳቸው ጋዜጦች ፊት ይቆምና ትልልቁን ርዕስ በነጻ አንብቦ የቀረውን ከራሱ ይሞላዋል። መንግሥት ያወርዳል፣ ጡረታ ይጨምራል፣ አሰልጣኝ ያባርራል። ሲጨቃጨቅ ጉሮሮው ይደርቅና ውሃ ይገዛኛል። እንጀራዬ ይኸው ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ «አንባቢው የእግረኛ መንገድ ስለዘጋ ጋዜጣው ይውረድ» ሲል ታዲያ ደሜ ፈላ። ጋዜጣ ከሌለ ሰው አይቆምም፤ ሰው ካልቆመ እኔም ዘጋሁ ማለት ነው። ሰኞ ጠዋት ምክትል ከንቲባው ራሱ መጥቶ አይቶ ይወስናል ተባለ።

«ሰኞን ብቻ፣ በእመቤታችን፣ እንዳትሰበሰቡ!» ብዬ ለመንኳቸው። እሺ አሉ። ምን ያደርጋል፣ እሁድ ማታ የከተማችን ቡድን የአቴናን ቡድን በመጨረሻ ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት ረታ። ከዚያ ወዲያ ማን ቤቱ ይቀመጣል? ሰኞ ገና በጠዋቱ ጋዜጣው ፊት ተኮለኮሉ።

«ልጁ ራሱ ነው የወደቀው፣ ንፋስ ገፍቶት!» ይላሉ እትዬ ፖሊክሴኒ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የአቴና ተወላጅ።

«መነጽርዎን ይቀይሩ፣ እትዬ! ሲጠልፈው አገር አይቷል!» አለ በወደቡ ጫኝና አውራጅ የነበረው ስትራቶስ።

«አገር ያየውማ ዳኛው ሲሸጥ ነው። ልክ እንዳንተ ፓርቲ!»

«ፓርቲዬን አይንኩብኝ! ጡረታችንን የቆረጠው የማን ፓርቲ ነው?»

ያኔ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ገባበትና መንገዱ ጢም አለ። «አጠፋችሁኝ እኮ!» ብዬ በመስኮቴ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ!

ምክትል ከንቲባው አቶ ክሌኦሜኒስ ከረባቱን አስሮ፣ ትእዛዙን የያዘ ጸሐፊ አስከትሎ ደረሰ። «ይኸው፣ እንደምታየው...» ብሎ ለጸሐፊው ማስረዳት ሲጀምር ዓይኑ ስፖርት ጋዜጣው ላይ አረፈ። ርዕሱ «ፍትሕ!» ይላል።

«የምን ፍትሕ?» አለ።

«ፔናሊቲ ነበራ!» አለው ስትራቶስ።

«ይሄ ፔናሊቲ ከሆነማ እኔ ጳጳስ ነኝ!» ለካ የአቴናው ቡድን ደጋፊ ኖሯል! ቦርሳውን መሬት ላይ ጣለ። ጸሐፊውን እጁን ይዞ አቆመና «አንተ ተከላካይ ሁን፣ እኔ አጥቂ ነኝ። እየው፣ ነካኸኝ? አልነካኸኝም!» እያለ ከረባቱ ትከሻው ላይ ተወርውሮ፣ እጆቹን ዘርግቶ መሀል መንገድ ላይ ይንገዳገድ ጀመር። ቀጥሎ ወሬውን ወደ ዳኞች ኮሚቴ አዞረ፤ ከዚያ ወደ ሚኒስትሩ፤ ከዚያ ወደ ግብር። ሰውየው ሲናገር የሚያቆመው የለም።

በሕፃን ጋሪ የምትሄድ አንዲት እናት ከኋላው ቆማ ጠበቀች፣ ጠበቀች። በመጨረሻ «ጌታው፣ መንገድ ቢለቁልን? ከተማው የእርስዎ ብቻ ነው እንዴ?» አለችው።

ሰዉ በሳቅ ሆዱን ያዘ። እኔም ዕድሌን አላሳለፍኩም፤ ከኪዮስኬ ወጣሁና «አቶ ክሌኦሜኒስ፣ ይጻፉ እንጂ! መንገድ የዘጋው ማን ነው?» አልኩት።

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ጸሐፊው ጫማውን ያያል። ምክትል ከንቲባው ትእዛዙን ከእጁ ነጥቆ አጣጠፈና ኪሱ ከተተው።

«ጋዜጣው ይሰቀል» አለ። ከዚያ ግን አላስችል አለውና ጣቱን ቀስሮ «ፔናሊቲ ግን አልነበረም!»

«ነበር!» ብሎ ሰዉ ሁሉ ባንድ ድምፅ ጮኸ። ሰዎቼ ባንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ የሚሰማው ደግሞ የእትዬ ፖሊክሴኒ ድምፅ ነበር። «ነበር! ዓይን የለዎትም? ጠልፎታል እኮ!» ደስታ ልቤን ሊያፈነዳው ደረሰ፤ እንባዬ እየወረደ ሳቅሁ።

ሰውየው ከሄደ በኋላ እትዬ ፖሊክሴኒ ውሃ ሊገዙ ወደ መስኮቴ መጡ።

«እትዬ፣ ፔናሊቲ ነበር በቃ?» አልኳቸው።

«የት አባቱ! አልነበረም» አሉ ዙሪያቸውን ገልመጥ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን አንቺን ሊዘጋ የመጣን ሰው ልክ ነህ ከምለው፣ አቴና በየሳምንቱ ትሸነፍ!»