የይርገዱ ውኃ

ጓድ አንለይ ኮምፒዩተሩን ከነቴሌቪዥኑ አሸክሞ ለበዓሉ ወደ አዳራሹ ሊወስድ ከሱቁ ሲወጣ ጀማል በሩን ያዘለት። ዕቃውን የላከለት አጎቱ ነው፣ ከጅዳ። ክረምቱን ሙሉ የወረታን ተማሪዎች ከአባቱ ጨርቅ መሸጫ ጓዳ ሰብስቦ የራሳቸውን ጨዋታ መሥራት አስተማረበት። እነሱም የሚያውቁትን ሠሩ። በጨዋታው የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ከብት ወደ ጉብታ ይነዳል፤ የዘገየ ከብቱን ያጣል።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አንለይም ጨዋታውን ወዶት ነበር፣ ውኃው ከሁሉ አስቀድሞ አዲሱን መንደር እስኪውጠው ድረስ።

«ይኼ የማን መንደር ነው?»

«የኛ» አለች ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ይርገዱ። የውኃውን ሕግ የጻፈችው እሷ ናት። አባቷን ከጉብታ አውርዶ አዲሱ መንደር፣ ረግረጉ ላይ ያሰፈረው ራሱ አንለይ ነው፤ አምና ነሐሴ ጥገቶቻቸው በረት ውስጥ እንደቆሙ ሰጠሙ።

አንለይ ወደ ጀማል ዞረ። «ለአብዮት በዓል ከጎንደር እንግዶች አሉብኝ። ያኔ መንደሩ ደረቅ ይሁን። አለዚያ አንተ የኡመር ልጅ፣ ለውትድርና ስም ጻፍ ስባል ሩቅ አልሄድም።»

ጀማል እሺ አለ። እሺታው ሲያንገበግበው ሰነበተ።

የበዓሉ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሏል። አንለይ ማብሪያውን ራሱ ተጫነ። ቴሌቪዥኑ ባዶ ነው።

«ጨዋታው የታለ?»

«መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይረሳዋል፣ ጓድ» አለ ጀማል።

«ታዲያ የት አኖራችሁት?»

ጀማል ልጆቹን አሳየው። የከተማው ጄነሬተር በየምሽቱ ይጠፋል፤ ማሽኑም ያደረ ነገር አያውቅም። የቄስ ትምህርት ቤቱም የቁርአን ቤቱም ልጅ ያደገው በቃል ነውና የጨዋታውን የትእዛዝ መስመሮች ተከፋፍለው አጠኗቸው። በየቀኑ ተራ እየጠበቁ እንደ አዲስ ያስገባሉ። አንለይ ድስቱን ተሸክሞ ወጡን ረስቶ የመጣ ሰው መሰለ።

ከልጆቹ ዙህራ ከብቶቹን አስገባች። ተከታዩ ልጅ ማረው ወንዙን ሲያስገባ ተደናገረ።

«ርብን ሽቅብ ልታስኬደው ነው?» አለችው ዙህራ። እንግዶቹ ሳቁ።

ተራው የይርገዱ ሆነ። ጀማል ጎንበስ አለ። «ውኃው መንደሩን እንዳይነካ አድርጊ። መስመሩን እነግርሻለሁ።»

«ያ መስመር ላሞቻችንን ያወጣልን እንደሁ ንገረኝ፣ ጋሼ።»

ጀማል ገለል አለላት። እሷ የራሷን አስገባች። አንለይ የማሽኑን ጽሕፈት አያውቅምና አጨበጨበ፤ ዋናውን እንግዳም ጋብዞ አስቀመጠው። ሰውየው እየሳቀ ከብት ይነዳ ጀመር። ርብ ሞላ። ውኃው ሜዳውን አልፎ ቀጥ ብሎ አዲሱ መንደር ገባ።

«የት ነው ይኼ?» አለ እንግዳው።

ከኋላ የይርገዱ አባት አያ ያየህ ተነሡ። «እኛ ያለንበት ነው፣ ጌታዬ። ላሞቹም የኔ ናቸው።»

ከገበሬው የሳቀ የለም። አንለይ ወደ ጀማል ጆሮ ተጠጋ። «አጥፋው።»

የጀማል እጅ ሶኬቱ ላይ ነበር። ቢነቅለው ጨዋታው እዚያው ይረሳል፣ እሱም ቤቱ ያድራል። 

«ስሜን ጻፍ» አለው፣ አንቱታውን ጥሎ። እጁንም ከሶኬቱ ላይ አነሣ።