አርባ ስድስት ዲግሪ

ገርገጭ፣ ገርገጭ፣ ገርገጭ።

ታናሹ ወንድም በቁፋሮው ቦታ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ እንደ ልማዱ በሐሳብ ርቆ ነበርና ቀድሞ ያወቀው በጆሮው ነው። አርባ ቀን ሙሉ የለመደው ድምፅ ሌላ ነበር፤ ከመሬት ሆድ የሚመለሰው ጭቃ በሚያጣራው የብረት ወንፊት ላይ ሲፈስ የሚያሰማው ወፍራም የፏፏቴ ድምፅ። አሁን ወንፊቱ ባዶውን እየተንገጫገጨ ነው። ወጥቶ ሲያይ ቦዩ ነጥፏል። መቆፈሪያውን ለማቀዝቀዝ ወደ ጉድጓዱ የሚገባው ጭቃ ይገባል፤ የሚመለስ ግን የለም። አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር ታች፣ መሬት አፏን ከፍታ እየጠጣችው ነበር።

የእሱ ሥራ በየግማሽ ሰዓቱ ቴርሞሜትር በሚመለሰው ጭቃ ውስጥ እየነከረ ሙቀቱን መጻፍ ነው። ለዚህ የተሠራ መሣሪያ ነበር፤ ከሳምንት በፊት ተበላሸ። ሌላ ይገዛ ሲባል የቁፋሮው አለቃ፣ ማለትም የገዛ ታላቅ ወንድሙ፣ «ወንፊት አለልኝ አይደል? እሱ ካልሠራ ለምን ይበላል?» ብሎ ሠራተኛውን አሳቀ። ወንፊት የሚለውን የመሳለቂያ ስም ለታናሹ ያወጣለትም እሱው ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት በኪስ ደብተሩ ላይ የጻፋቸው ቁጥሮች እነዚህ ነበሩ፦ አርባ ስድስት፣ ሃምሳ ስምንት፣ ስልሳ ዘጠኝ፣ ሰማንያ አንድ። ለማንም አልተናገረም። ከሦስት ሳምንት በፊት «ጋሼ፣ ጭቃው የቀጠነ መሰለኝ» ብሎ ነበር፤ ሰው ፊት። ታላቁ የራስ ቁሩን ከታናሹ ራስ ላይ ነጥቆ፣ ጭቃ ሞልቶበት፣ መልሶ ደፋለት። «አሁንስ ወፈረልህ?» ሠራተኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ታናሹም አብሮ ሳቀ። ከጆሮው ውስጥ ጭቃው ሙልጭ ብሎ የወጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ይጽፋል እንጂ አይናገርም።

ታላቁ የብረቱን ደረጃ እያንጓጓ ወረደ።

«መቼ ነው የቆመው?»

«አሁን ነው ጋሼ።»

«አሁን ነው ይላል። ተኝተህ ነው እንጂ።» ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «ሲሚንቶ አዘጋጁ። ጭቃውን የሚጠጣው ስንጥቅ ይደፈናል።»

የጂኦሎጂ ባለሙያዋ የድንጋይ ፍርፋሪ የያዘ ሳህን በእጇ እንዳለ ከክፍሏ እየሮጠች መጣች። ከታላቁ ጋር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዐይንና ናጫ ናቸው።

«ሲሚንቶውን ማንም እንዳይነካ።»

«መጣች ደግሞ ድንጋይ ለቃሚዋ» አለ ታላቁ። «እህቴ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ኖሬያለሁ። ጭቃ የሚያፈስ ጉድጓድ በሽተኛ ነው፤ በሽተኛ ይታከማል።»

«እርስዎ ሲቆፍሩ የኖሩት ነዳጅ ነው። እኛ የምንፈልገው መብራት የሚያመነጭ እንፋሎት ነው። ጭቃው የገባበት ስንጥቅ እንፋሎቱ የሚወጣበት በር ነው። በሩን ደፍነው ምን ሊወጣልዎት ነው?»

«በሩን አንቺ አንኳኪ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሸሚዙን እየቆለፈ ደረሰ። ሰውየው እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። ሁለት ጉድጓድ ደረቅ ሆኖበታል፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ይህም እንፋሎት ካልሰጠ ባለቤቶቹ ማሽኑን ነቅለው ይሄዳሉ፤ ታች ያለችው ከተማም ጣሪያዋን በሚያጠቁረው የናፍጣ ሞተር እንደታፈነች ትቀራለች።

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አለ። «ስንጥቁ ሙቅ ከሆነ አይነካም። ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ እያስገባ ጉድጓዱን ይገድለዋልና ይደፈናል። ሙቅ ነው ቀዝቃዛ?»

«ድንጋዩ ተቀቅሏል» አለች፣ ሳህኑን እየዘረጋችለት።

«ድንጋይማ የዛሬ አሥር ሺህ ዓመት ከተቀቀለም ያው ነው» አለ ታላቁ። «የዛሬውን የሚያውቀው ቴርሞሜትር ነው። ጠይቁት።»

ሁሉም ወደ ታናሹ ዞሩ።

«ተናገር እንጂ» አለ ታላቁ። «ምላስህን ጭቃ በላው? ሙቀቱ ጨምሯል አልጨመረም?»

የደብተሩ ጠርዝ ደረቱን ይወጋዋል። ሰማንያ አንድ ቢል ጉድጓዱ ይድናል፤ ታላቁም አንድ ሳምንት አኩርፎ ሲያበቃ የራስ ቁሩን ሊነጥቀው ይመለሳል። ሌላ ቢል ግን ይህ ሰው በገዛ አፉ አዝዞ፣ በገዛ እጁ፣ ሰው ሁሉ እያየ ጉድጓዱን ይገድላል። ሐሳቡ ጣፈጠው።

«አርባ ስድስት» አለ።

«ከጠዋት ጀምሮ?» አለች ባለሙያዋ።

«ከጠዋት ጀምሮ።»

ቁና ቁና እየተነፈሰች አየችው። ከዚያ ቦዩ አጠገብ ተንበርክካ የቀረውን ጭቃ በመዳፏ ነካች። ነፋስ አቀዝቅዞት ነበር።

ሦስት ጊዜ ሲሚንቶ ወረደ። በሦስተኛው ጭቃው ተመለሰ፤ ወንፊቱም የድሮ ድምፁን አሰማ። ታላቁ የቆዳ ጃኬቱን አውልቆ በታናሹ ትከሻ ላይ ጣለ።

«የእናቴ ልጅ» አለ ለሠራተኞቹ። «ከዛሬ ጀምሮ ወንፊት የሚለው ሰው ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው።»

ታናሹ ይህን ቃል ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠብቀው ኖሯል። ሲመጣ እንደ ፍም ፈጀው። ሲሚንቶው እስኪጠነክር ስምንት ሰዓት አለ፤ እስከዚያ እውነቱ ከተነገረ ታጥቦ ሊወጣ ይችላል። ስምንቱንም ሰዓት ከወንፊቱ አጠገብ ቆሞ፣ አፉን እየከፈተ መልሶ እየዘጋ አሳለፈው። ታላቁ ሁለቴ መጥቶ ሻይ ሰጠው። በመጨረሻ የሥራ ወረቀቱን አርባ ስድስት፣ አርባ ስድስት እያለ ሞላው፤ ደብተሩንም በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ከተተው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉድጓዱ ተከፈተ። ጩኸቱ ይበረታል ተብሎ ለሁሉም የጆሮ መድፈኛ ታድሏል። ለማየት ከከተማው የወጣ ሰው ኮረብታው ላይ ቆሟል። ታላቁ መዝጊያውን ራሱ አዞረው። አንድ ለብ ያለ ትንፋሽ ወጣ፤ እንደ በሽተኛ ሰው እህታ። ከዚያ ምንም።

ሰዉ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። ከታች የናፍጣው ሞተር ሲያስል ይሰማል።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለች ባለሙያዋ ታላቁን። «በሽተኛዎን አክመውታል። አይተነፍስም።»

«ቀዝቃዛ ነበር» አለ ታላቁ፣ የደም ሥሩ አንገቱ ላይ ተገትሮ። «ወንድሜ ለክቶታል። ወንድሜ አይዋሽም።»

ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም አላያቸውም። «ሰኞ ማሽኑ ይነቀላል» ብሎ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ነፋሱ ያንዘፈዝፋል። ወንድማማቾቹ የወንፊቱን ብሎኖች እየፈቱ ነበር።

«እስኪ ጃኬቱን አቀብለኝ፤ ብርዱ አጥንቴ ገባ።»

ታናሹ አውልቆ ሰጠው። ደብተሩ ትዝ ያለው ታላቁ ጃኬቱን ለብሶ የውስጥ ኪሱን ሲዳብስ ነው።

ታላቁ ገለጠው። ቀኑን አነበበ። በቅባት የጠቆረ ጣቱን ከአርባ ስድስት ወደ ሃምሳ ስምንት፣ ከስልሳ ዘጠኝ ወደ ሰማንያ አንድ አወረደ። እንደገና ከላይ ጀመረ።

ታናሹ የራስ ቁሩን በራሱ እጅ አወለቀና አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። ጡጫ ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን፣ ስድብ ቢሆን ደስ ባለው ነበር።

«ጋሼ…»

ታላቁ ደብተሩን ዘጋ። በታናሹ የደረት ኪስ ውስጥ መልሶ ከተተለትና ድሮ ትምህርት ቤት ሲልከው እንደሚያደርገው ቁልፉን ቆለፈለት። ጃኬቱን አውልቆ ወንፊቱ ላይ አኖረ። ከዚያ በሸሚዙ ብቻ ደረጃውን ወረደ።

«አለቃ፣ ክሬኑ መጥቷል፤ የት ይቁም?» አለው አንዱ ሠራተኛ።

ታላቁ ሳይዞር በባለሙያዋ በር፣ በተደረደሩት ቧንቧዎች አጠገብ አልፎ ሄደ። ዘበኛው የግቢውን መውጫ አግዳሚ ብረት አነሳለት፤ እሱም ጎንበስ ብሎ በሥሩ አለፈ።