የእትዬ ሃሎ በር

እኔ አናጢ ነኝ፤ ሥራዬ በር ነው። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ መኩራራቱስ ቀረ። ነገሩ ሁሉ የበር ነገር ስለሆነ ነው። በምኖርበት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ካሉት በሮች ግማሹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የእትዬ ሃሎንም ጭምር።

እትዬ ሃሎ ከእኛ በላይ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት ተቀምጠው ሰው ከሰው ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ሃሎ ማለቱ ግን አልለቀቃቸውም። በር ሲንኳኳ "ሃሎ!"፣ ደረጃ ላይ ሰው ሲያገኙ "ሃሎ!"። ስማቸው በዚያው ቀረ፤ እሳቸውም ወደዱት።

የጣጣው መነሻ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው መምህርት ናት። አንድ እሁድ ከሰዓት ሁላችንንም መግቢያው ላይ ሰበሰበችንና፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን መተዋወቅ አቃተን አለች። የሁሉም ሰው ስልክ ቁጥር ተጽፎ ይለጠፍ። መሰላልና መጋዝ ያለው ደረጃው ሥር ያኑርና የቸገረው ተጠቅሞ ይመልስ። መግቢያው ላይ ሰው አረፍ የሚልበት አግዳሚ ወንበር ይሠራ። እዚህ ላይ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ፤ እኔም ጣሪያውን አየሁ።

የመጨረሻው ሐሳቧ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎች በር በየማለዳው ይንኳኳ የሚል ነበር። ከውስጥ "አለሁ" ከተባለ፣ ያንኳኳው ሰው ወርዶ መግቢያው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ከቀኑ ትይዩ ምልክት ያደርጋል። እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ምልክት ከሌለ መምህርቷ ራሷ ወጥታ ታያለች። ምልክት ካለ ግን ማንም አይወጣም።

"ኧረ እባክሽ!" አልኳት። "እስረኛ ነን እንዴ በየጠዋቱ የምንቆጠረው?"

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ጣመኝ፤ እውነቱን ልናገር። እሷ ግን አልተቆጣችም። "ለእትዬ ሃሎ ቅርቡ እርስዎ ነዎት" ብላ ስሜን ጻፈችብኝ።

ሁለት ሳምንት በደንብ አንኳኳሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሽቅብ እወጣለሁ፣ አንኳኳለሁ፣ "ሃሎ! አለሁ!" ይላሉ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ከፍተው "ቆይማ ልጄ" ይሉኛል። ድሮ መስመር ተደበላልቆባቸው ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አገናኝተው፣ ሰዎቹ በዚያው ተዋደው ተጋቡ አሉ። ይህን ታሪክ አራት ጊዜ ሰማሁት። በአራተኛው ላይ ተጋቢዎቹ ሁለት ልጅ ጨመሩ።

ሦስተኛው ሰኞ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት የበር ሥራ ደርሶብኝ ነበር። እትዬ ሃሎ ስለ ጉልበታቸው ሲያወሩ አስረፈዱኝ፤ እየተነጫነጭሁ ወረድኩ። እርሳሱን አነሳሁና የሰኞን ምልክት አደረግሁ። እጄ እዚያው እንዳለ የማክሰኞን፣ የረቡዕን፣ የሐሙስን፣ የዓርብንም አደረግሁ። ማንኳኳቱን ነገ አንኳኳለሁ፣ ምልክቱን ብቻ ነው ያስቀደምኩት አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነው። እጄ ሲጽፍ እንደማልወጣ አውቄዋለሁ።

ማክሰኞ አልወጣሁም። ማታ ባለቤቴ "እትዬ ሃሎ እንዴት አደሩ?" ስትለኝ፣ "ምን ይሆናሉ? ከኔ ይሻላሉ!" አልኳት። ረቡዕም ቀጥታ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ሁለት ሰዓት አለፍ እንዳለ ስልኬ ጮኸ፤ መምህርቷ ናት። "የእትዬ ሃሎ በር አልከፈት አለ። ከውስጥ ድምፅ የሚሰማ ይመስለኛል። ዕቃዎን ይዘው ይምጡ" አለችኝ። የሥራ ቤቴ ከሕንፃው ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም።

ያንን በር ስገጥም "ይህን በር በሬ ቢገፋውም አይከፈትም" ብዬ ፎክሬ ነበር። ወፍራም ጣውላ፣ ከውስጥ ድርብ መቀርቀሪያ። አሁን ራሴ የሠራሁትን በር በመሮና በመዶሻ እፈለፍላለሁ። ፋታ ስወስድ ከውስጥ የደከመ ድምፅ ይመጣል፤ "ሃሎ... ሃሎ..."

ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወድቀው አገኘናቸው። ሰኞ ማታ ነው የወደቁት። ዳሌያቸው ተሰብሯል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ።

"ይቅር በለኝ ልጄ" አሉኝ። "ስታንኳኳ አልሰማሁህም። ይህ በርህ ወፍራም ነው፣ ድምፅ አያሳልፍም።"

መምህርቷ ከኋላዬ ቆማለች። ማክሰኞ ስትጣደፍ የዕለቱን ምልክት ብቻ አይታ አልፋ ነበር፤ ረቡዕ ግን ገና ባልደረሰው ሐሙስ ትይዩ ምልክት አየች። ለዚህ ነው የወጣችው። አየችኝ። እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ዕቃዬን ሰበሰብኩ።

እትዬ ሃሎ ሆስፒታል እያሉ አግዳሚ ወንበሩን ሠራሁ። ማንም አልጠየቀኝም። ያለኝን ጥሩ ጣውላ አውጥቼ፣ መደገፊያም አበጅቼለት፣ መግቢያው ላይ አቆምኩት። "አናጢያችን እኮ ልቡ ንጹሕ ነው!" ይላል ሰዉ እየተቀመጠበት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ መምህርቷ አቆመችኝ።

"ወረቀቱ እኔ ጋ ነው" አለችኝ። "ለማንም አላሳየሁም። የሚናገሩት እርስዎ ነዎት።"

ከስድስት ሳምንት በኋላ እትዬ ሃሎ በብረት መደገፊያ እየተራመዱ መጡ። ሰዉ ሁሉ መግቢያው ላይ ተቀበላቸው፤ ወንበሬ ላይ አስቀመጧቸው።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ እየሳቁ። "አናጢው በየማለዳው ያንኳኳል፣ ደንቆሮዋ እኔ ነኝ! ሰኞ ጆሮዬን ልመረመር ነው። እንግዲህ ካልሰማሁ ብቻዬን መኖሩም ይቅርብኝ፣ የእህቴ ልጅ ጋ እገባለሁ።"

እንዴ! ቤታቸውን ሊለቁ ነው፤ በኔ ውሸት።

"ጆሮዎ ደህና ነው፣ እትዬ" አልኩ። "ማክሰኞ አላንኳኳሁም። ረቡዕም አላንኳኳሁም። የሳምንቱን ምልክት ሰኞ ዕለት በአንድ ጊዜ አድርጌው ነው የሄድኩት።"

ባለቤቴ ፊቷን አዞረች፤ ከሁሉ እሱ አመመኝ። እትዬ ሃሎ ከወንበሩ ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"የምትመጣበትን ሰዓት አውቀዋለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ማንኳኳትህን ባልሰማም፣ አንድ ሰዓት ሲል ሃሎ፣ ሃሎ እያልኩ እመልስልህ ነበር። በሁለቱም ቀን። በሩ ላይ ያለህ መስሎኝ።"

አንገቴን ደፋሁ። መምህርቷ አዲስ ወረቀት ለጥፋ ነበር፤ በእትዬ ሃሎ ትይዩ ያለው ቦታ ባዶ ነው። እርሳሱን አንስቼ ስሜን ራሴ ጻፍኩ። ማንም አልከለከለኝም፣ ማንም አላመሰገነኝም። እትዬ ሃሎ አልሄዱም፤ ቤታቸው ቀሩ።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁና አንኳኳሁ። መደገፊያው ወለሉን ሲመታ ተሰማኝ፤ እስከ በሩ መጡ።

"አለሁ" አሉ።

እንደ ድሮው ሃሎ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። መቀርቀሪያው አልተነካም። መደገፊያው እየመታ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ይኸው እስከ ዛሬ በየማለዳው እወጣለሁ፤ እሳቸውም "አለሁ" ይሉኛል፣ ሌላ ነገር አይሉኝም። የእነዚያ ተጋቢዎች ታሪክ ስንት ልጅ ላይ እንደደረሰ አላውቅም።