የውሸት አራስ

«ቢመጣብንስ? ደጃፋችን ቆሞ ቢያንኳኳ ምን ልንለው ነው?»

አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ። ልጃቸው ሰርካለም የሥራ ባልደረባዋን ሀጀራን ከባሏ ዱላ አስመልጣ ከአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ ከተማ ሲልቨር ስፕሪንግ እናቷ ቤት ድረስ ይዛት መጥታለች። ሀጀራ ገና አራስ ናት፤ ሕፃኗን ታቅፋ ፓርኪንጉ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ ሼልተሩ፣ የሴቶች መጠለያው፣ ሞልቷል። እዚህ የምትቆየው እስከ ሰኞ ብቻ ነው።»

«እኔ ክፉ ሆኜ ነው? የልጅ ልጆቼ ኖህና ምህረት እዚህ ይተኛሉ እኮ! ሰውየው ለይቶለታል ያልሽኝ አንቺው ነሽ። ሌላ ቦታ ፈልጊላት።»

በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ደረታቸውን ያዙ። ሽማግሌው ጎረቤታቸው ሚስተር ፒተር ነበሩ።

«መኪናችሁ ውስጥ ሕፃን የያዘች ሴት ታለቅሳለች፤ ምን ሆና ነው?»

«ይኸው! ገና ሳትገባ ታወቀ» አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ።

ሰርካለም ነገሩን አስረዳቻቸው። ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡና የልደታቸውን ታሪክ ጀመሩ። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ሰርካለም ለእናቷ እየተረጎመች ነበር።

የተወለዱት ሆላንድ፣ ናዚዎች አይሁድን እያደኑ በሚፈጁበት ዘመን ነው። አይሁዳውያን ወላጆቻቸውን አንዲት የዳቦ ጋጋሪ ሚስት ጣሪያዋ ሥር ደብቃቸው ነበር። እናታቸው ነፍሰ ጡር ናት። ሰው ይደበቃል፤ የሕፃን ልቅሶ ግን በምን ይደበቃል? የጋጋሪው ሚስት ታዲያ ሆዷ ላይ ትራስ አስራ ስትዞር ከረመች። የእናታቸው ምጥ የመጣ ዕለት «ወለድኩ» ብላ አልጋዋ ላይ ወጣች፤ ሕፃኑን ፒተርን ታቅፋ።

ወይዘሮ ሸዋረገድ አላስቻላቸውም። «ጎረቤትስ? አራስ የሚጠይቁ ሴቶች የሉም እንዴ? ሴት እኮ ሴትን አይታ ታውቃለች! ማን ይሸወዳል?»

ሚስተር ፒተር ሳቁ። «ማንም አልተሸወደም። ሁሉም መጡ። አንዷ ሾርባ፣ አንዷ የሕፃን ካልሲ ይዛ። ተራ በተራ አቀፉኝ። ‹ቁርጥ አባቱን!› አሉ፤ ጋጋሪውን ማለታቸው ነው። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። እናቴ ከላይ ሆና ትሰማ ነበር።»

«ቢነቃባትስ?»

«ከነልጆቿ ይፈጇት ነበር።»

«ልጆች ነበሯት?»

«አራት።»

ወይዘሮ ሸዋረገድ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። መንደር ሙሉ ሴት! አንዷ እንኳ ለባሏ ሹክ ብትል የስንቱ ነፍስ ይጠፋ ነበር! ሾርባውን ይዛ የገባችውን ሴት አሰቧት። እሷም ቤቷ ልጆች ይኖሯታል። ፈርታም ነበር፤ እንዴት አትፈራ! ግን ሾርባው እንዳይደፋባት እየተጠነቀቀች ደረጃውን ወጣች።

«አቤት አምላኬ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» አሉ በለሆሳስ።

ተነሡ። የኋላውን በር መቆለፊያ ደጋግመው ፈተሹ፤ የልጆቹን መኝታ ቤት መስኮት ዘጉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከሶፋው ላይ አነሡና፣ ሰርካለም «እማዬ፣ ወዴት ነው?» ስትል «አራሷን ብርድ ሳይመታት ላስገባት» ብለው ወደ ፓርኪንጉ ወጡ።