ሹመት የጠየቀው ልጅ

ሰው እንዴት የገዛ ልጁን ይጠረጥራል ትሉ ይሆናል። ኤርጫፎን ብታውቁት አትሉም ነበር። ዶርዜ ላይ ኤርጫፎ የማይጠረጥረው ነገር ቢኖር የሽመና ዕቃው ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ክር በበጠሰ ቁጥር በጎሪጥ ያየዋል።

በሰማንያ ሰባት፣ ግንቦት ሊገባ ሲል፣ ልጁ ደግነት ከአርባ ምንጭ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። የውሃ ሥራ ተምሮ ተመርቋል፤ ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ መስኖ ሲያሠራ ሁለት ዓመት ቆይቷል። መጥቶ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«አባባ፣ ለቀበሌያችን ሊቀመንበርነት ልወዳደር ነው።»

ኤርጫፎ መወርወሪያውን አስቀመጠ። «ማን መረጠህ?»

«ምርጫው ገና ነው። መጀመሪያ ፎርም ይሞላል፤ ሞላሁ።»

«ራስህ?»

«ራሴ።»

«ፈረምክበትም?»

«ፈረምኩ።»

ጉድ ፈላ! በነሱ አገር ሹመት አይለመንማ። ሃላቃ የሚሆን ሰው፣ የአገሩን ሥርዓት የሚያስጠብቅ የሕዝብ አለቃ ማለት ነው፣ ሽማግሌው በሚሰበሰብበት አደባባይ፣ በዱቡሻ፣ ቀኑን ሙሉ ተመክሮበት ነው የሚመረጠው። ደህና ሰው ከሆነ «አልችልም፣ ተዉኝ» ብሎ ይሸሻል፤ ተለምኖና ተጎትቶ ይሾማል። ኤርጫፎ ራሱ ሃላቃ ሊባል ሲል አማቱ ቤት ሦስት ቀን ተደብቋል። «ስጡኝ» የሚል ሰው ግን የደበቀው ነገር አለ፤ አለቀ!

ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። በደርግ ጊዜ አበጋዝ የሚባል ጎረምሳ «ሊቀመንበር ልሁን፣ ይመስክሩልኝ» ብሎ ኤርጫፎ እግር ላይ ወደቀ። ኤርጫፎም መሰከረለት። አበጋዝ በተሾመ በዓመቱ ሽማግሌውን ከዱቡሻ አባረረ፣ ወጣቱን እያፈሰ ጦር ሜዳ ሰደደ። ከሄዱት አሥራ አራት ልጆች የተመለሱት ሦስት ናቸው። ኤርጫፎ ዛሬም ያልተመለሱትን ልጆች እናቶች ገበያ ላይ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

እናም ልጁን ይከታተል ጀመር። ደግነት ከቤት ቤት ይዞራል፣ ደብተር ያወጣል፣ ይጽፋል።

«ምንድን ነው የሚጽፈው?» አላት ኤርጫፎ ሚስቱን ወለቴን።

«ሰዉ የጎደለውን ነዋ።»

«አበጋዝም ይጽፍ ነበር።»

«አበጋዝ የልጆች ስም ነበር የሚጽፈው። ይሄ የምንጭ ስም ይጽፋል። ኤዲያ! አንተ እኮ ጥላህንም ለምን ተከተልከኝ ሳትለው አትቀርም።»

ሐሙስ ዕለት ነጭ መኪና መጣ። ሁለት ሰዎች ወርደው የመንደሩን ምንጭ በሜትር ለኩ፣ ከደግነት ጋር ተሳሳቁ፣ የታጠፈ ወረቀት ሰጥተውት ሄዱ። እሱም ኪሱ ከተተው። ኤርጫፎ አንድ ነገር ብቻ ታየው፤ ምንጩን ሸጠው!

«ምንድን ነው ወረቀቱ?»

«የቧንቧ ጥናት ነው፣ አባባ። እስኪጸድቅ ለሰው አላወራም፤ ተስፋ አድርገው እንዳይቀሩ።»

ለኤርጫፎ ግን ያልተወራ ነገር የተደበቀ ነገር ነው።

ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ናቸው። የደግነት የምርጫ ምልክት ፋኖስ ነው። በሬው የነጋዴው የካሱ ነው፤ ሚዛኑ እንደሚሰርቅ አገር ያውቃል፣ ሰሞኑን ግን በየቤቱ ጨው ያድላል። ጃንጥላው ደግሞ ሦስት ይሙላ ተብሎ ሌሎች ፎርም የሞሉለት የገበሬው የሕዝቅኤል ነው። እሱ ሲነገረው «ከኔ የተሻለ አጣችሁ?» ብሎ ኩልፎ እህቱ ዘንድ ወርዶ ቀረ።

ከምርጫው በፊት ባለው ቀን ዱቡሻ ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ «ኤርጫፎ፣ ለልጅህ መስክርለት» አሉ። የአባት ቃል ቀላል አይደለም፤ እሱ «አዎ» ካለ አገሩ ይከተላል። ኤርጫፎ በትሩን ተደግፎ ተነሣ። ደግነት ዳር ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ልጄ ነው። ውሸት አልሰማሁበትም። ነገር ግን ሹመት ጠይቋል። ሹመት ለጠየቀ ሰው አንድ ጊዜ መስክሬ ልጆቻችሁን አስበልቻለሁ። ሁለተኛ አልመሰክርም።»

«አባቱ ያልመሰከረለትን እኛ ምን ብለን?» አለ አንዱ። «ካሱም እኮ ጠይቋል» ያለ ግን አልነበረም። ካሱንማ ያውቁታል፤ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።

በማግስቱ ኤርጫፎ ከድምፅ መስጫው መጋረጃ ኋላ ብዙ ቆየ። እጁ ወደ ፋኖሱ ሄደ፤ አንጀቱ ነው የወሰደው። አበጋዝ ትዝ ሲለው ግን እጁን ሰብስቦ ጃንጥላው ላይ ምልክት አደረገ። «ይሄስ ሸሽቷል» አለ ለራሱ።

ቆጠራው ሲያልቅ ከጨንጫ የመጣው አስመራጭ ተነሣ።

«በሬ፣ ሁለት መቶ አሥራ አንድ!» ጭብጨባ ሆነ።

«ጃንጥላ፣ ሁለት!» ሰዉ ሳቀ። ኤርጫፎ አልሳቀም፤ አንዱ የሱ ነው፣ ሌላው የማን ነው?

«ፋኖስ፣ አንድ!»

«የኔ ናት!» ብላ ወለቴ ብድግ አለች።

«እናቴ፣ ድምፅ እኮ ምስጢር ነው» አላት አስመራጩ።

«ለልጄ ነው የሰጠሁት፣ ምን ምስጢር አለው? በልጄ አላፍርም!» ብቻዋን እልል አለች።

ዓይን ሁሉ ወደ ኤርጫፎ ዞረ። አባትየው ለልጁ አልሰጠማ! ፊቱ እሳት ሆነ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ በጣቱ ቆጠረና ቀስ ብሎ ወደ ደግነት ዞረ።

«አንዷ የእናቱ ከሆነች፣ ይሄ ልጅ ለራሱም አልሰጠም ማለት ነው።»

ኤርጫፎ ወደ ልጁ ሄደ። ይሄም ብልሃት ቢሆንስ? ያቺ ክፉ ሐሳብ በዚያች ሰዓት እንኳ አልተወችውም፤ ራሱን ጠላ።

«ለምን?» አለው።

«ፎርሙን የሞላሁት የመንግሥት ሕግ ነው ብዬ ነው፣ አባባ። ያለሱ አይመዘግቡም። ወረቀቱ ላይ ራሴን መምረጥ ግን አፈርኩ፤ እኛ አገር ነውር ነው። ከሦስታችን ሕዝቅኤል ይሻላል አልኩና ለሱ ሰጠሁ።» ቀና ብሎም «እርስዎስ?» አለ።

«እኔም ለሱ» አለ ኤርጫፎ።

ሽማግሌዎቹ መንጫጫት ጀመሩ። «ደግነት ነበር እኮ ሰውየው! እንደገና እንቀመጥ!» አስመራጩ ሳጥኑን እየቆለፈ «አልቋል፣ ለሚቀጥለው ምርጫ ያድርሰን» አላቸው። ካሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የቀበሌው ማኅተም የት እንዳለ ይጠይቃል።

ያን ጊዜ ኤርጫፎ መሐል ሜዳ ገባና በትሩን አነሣ።

«ስሙኝ! ልጄ ነው! እመሰክርለታለሁ!»

ካሱ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «አባት፣ ስብሰባው ተዘግቷል» አለው። «ሜዳውን ልቀቁልን።»