የተወለወሉት ሳንቲሞች

«እስካሁን አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም» አለች ጎረቤቷ፣ የሻይ ብርጭቆዋን ከንፈሯ ጋ አድርሳ። ሹክ ማለቷ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ መሃል ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች ሴት ግን ሹክሹክታዋም ከበር እስከ ጓዳ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ፣ የሟቹ ሚስት፣ መስኮቱ ሥር ከየቤቱ በተዋሱት ወንበሮች መሃል ተቀምጣ ሰማች። ሐሰት አልነበረም።

ለማስተዛዘን የሚመጣው ሁሉ እንባሽን አታምቂው፣ ይጎዳሻል ይላታል። እሷ ያመቀችው እንባ አልነበረም፤ ንዴት ነበር። የሞተ ባል ላይ መናደድ ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ጥርሷን ነክሳ የተቀመጠችው በእሱ ነው። ከእሷ ጋር ከመኖር ይልቅ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ አሮጌ ሳንቲም መርጦባት ሞተ። ነገሩን እንዲህ ነበር የምታየው፣ ሌላ ማያም አላገኘችለትም።

ሳንቲሞቹ የወጣትነታቸው ሥራ ናቸው። እሱ የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ እሷ አሮጌ ልብስ የሚጠገንበት ቤት ተቀጥራ ትሰፋ ነበር። ተሳፋሪ በጥድፊያ ከሚያቀብለው ሳንቲም መሃል አንዳንዴ የሌላ አገር ወይም የድሮ ዘመን ሳንቲም ይገኛል። የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ተቀባይ አልቀበልም ሲል እሱ ከኪሱ ተክቶ ይዞት ይመጣል። እሷ ደግሞ የካፖርት ገበር ስትፈታ፣ በተቀደደ ኪስ ሾልኮ እጥፋቱ ውስጥ የሰነበተ ሳንቲም ዱብ ይልባታል። ለባለቤቱ ስትመልስ አብዛኛው ሰው ለአንቺ ይሁን ብሎ ይተውላታል። የተዋወቁትም በዚሁ ሰበብ ነው። የዩኒፎርሙን ኪስ ሊያሰፋ መጥቶ መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ሳንቲም ውስጡ ረሳ። ሊወስድ ሲመለስ ቀዳዳው ሳንቲም ሌላ ቀዳዳ ጓደኛ አግኝቶ ጠበቀው። ብልጥ ነበረች በዚያ ዕድሜዋ።

ስለ ሳንቲም የሚያውቁት ነገር ኢምንት ነበር፣ ያም አላሳሰባቸውም። አገሩን ላላወቁት ሁሉ ስም ያወጡለታል። አፍንጫዋ የረዘመችው ሴትዮ «አማቲቱ» ተባለች። መልኩ የተፋቀው ንጉሥ ፊቱን ስለማያሳይ «ተበዳሪው» ሆነ። ለእያንዳንዱ ከገበር ቁራጭ ትንሽ ኪስ ትሰፋለታለች። አንድ ክፍል ቤታቸው ውስጥ አልጋው ላይ ዘርግተው ሲያማቷቸው ያመሻሉ። እሱ ለክፉ ቀን ይሆኑናል ይል ነበር፤ እሷም ከልቧ አመነችው።

አንድ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ሌላ ከተማ ላከው። ልታስደስተው ብላ ሳንቲሞቹን በሙሉ በአመድና በሎሚ፣ ቀጥሎም በጥርስ ብሩሽ ፈተገቻቸው። ጥቁሩ ነጣ፣ ቡናማው ቀይ ሆነ፣ ተበዳሪው እንኳ ፊት ያወጣ መሰለ። ባሏ ሲመለስ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ አልጋው ላይ የተደረደሩትን ቆሞ አያቸው። ትንሽ ዘገየ። የመንገድ ድካም ነው ብላ አለፈችው። ከዚያ ሳቀና ሙሽራ አስመሰልሻቸው አላት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ የተጋቡበት ቀን ሲመጣ ሁለቱም ጨርቅ ይዘው ተቀምጠው ይወለውሏቸው ነበር። ሎሚውን ገዝቶ የሚመጣውም እሱ ነበር።

ክፉው ቀን የመጣው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል አለ፤ ዘመድ አዝማድ ቢሯሯጥም ገንዘቡ አልሞላም። ሳንቲሞቹን እንሽጥ አለችው፤ እንቢ አለ። ምክንያቱን ስትጠይቀው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ካርቶኑን አንስታ ልትወጣ ስትል ከአልጋው እየተንቀጠቀጠ ተነሳና፣ ከቤት ካወጣሻቸው እንኳን ኦፕራሲዮን መድኃኒትም አልወስድም አላት። ያኔ ነው ከአፏ ያመለጣት፦

«ብረት ካገባህ እኔን ለምን አመጣኸኝ?»

እሱ ውኃ ጠየቃት። እስኪሞት ድረስ አጠበችው፣ አጎረሰችው፣ አገላበጠችው፤ ደህና ወሬ ግን በመሃላቸው አልነበረም። እንደተኳረፉ ተለያዩ።

ለቅሶው ቤት ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሰዓት ሠሪ ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፉ መጡ። እግዜር ያጽናሽ ብለው አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አሮጌ ሳንቲም እንደሚገዙና እንደሚሸጡ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ብድግ ብሎ ከቁም ሳጥን ካርቶኑን አመጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ቶሎ እልባት እንዲያገኝ የሚወድ ችኩል ነው። እትዬ ከተስማማሽ ጋሼ እግረ መንገዳቸውን ይዩልን አላት። አንዱ በጉሮሮው እህ እህ አለ።

ለቅሶ ቤት መሆኑን አልረሳችም። ይሁንና አትክፈተው አላለችም። ባሏ ከእሷ ያስበለጠው ነገር ምን ያህል እንደሚያወጣ ማወቅ ፈለገች።

ሽማግሌው ካርቶኑን ጭናቸው ላይ ተቀበሉ እንጂ አልከፈቱትም። መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ አሳረፉ።

«ሳልከፍታቸውም አውቃቸዋለሁ» አሉ። «ይቅርብሽ ልጄ። ቃል አለብኝ።»

«ቃል ያስገባዎት ሰው አፈር ለብሷል፣ ጋሼ። እኔ ግን ገና እዚህ ቁጭ ብያለሁ።»

ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ፤ የሚያድናቸው ሰው አጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። ባሏ ለሥልጠና ከመሄዱ በፊት ሳንቲሞቹን ይዞላቸው መጥቶ ነበር። ጥቂቶቹ ጥሩ ዋጋ እንደሚያወጡ ነግረውት፣ አደራ እንዳትነካካቸው ብለው ሸኙት። ከጉዞው በተመለሰ ማግሥት ደግሞ እነዚያኑ የሚያብረቀርቁ አድርጎ አመጣቸው። አሮጌ ሳንቲም ዋጋው ከዘመን ብዛት የያዘው ጥቁረቱ ነው፣ እሱ ከተፋቀ ተራ ብረት ነው አሏት። ይህንኑ ያኔ ለእሱም እንቅጩን ነግረውታል።

«ስለ ገንዘቡ አንዲት ቃል አላነሳም» አሉ። «ሚስቴ መጥታ ብትጠይቅዎት ምን ይሏታል አለኝ። እውነቱን እላታለሁ ስለው እጄን ይዞ አስማለኝ። ታሞም ደወለልኝ። ልትሸጥ ከመጣች ሱቁን ይዝጉባት፣ አንቺ ነሽ ያበላሸሻቸው እንዳይሏት አለኝ።»

ቧንቧ ሠራተኛው አንገቱን ደፋ። ጎረቤቷ ብርጭቆዋን የምታስቀምጥበት ጠፋት።

ልብስ ሰፊዋ ባሏ በየዓመቱ ሎሚ እየገዛ ሲመጣ ይታያት ጀመር፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሞተውን ብረት ሲፈትግ። ታዲያ አንድ ቃል ቢነግራት ምን ነበረበት? ታፍር ነበር፣ ታለቅስ ነበር፣ ደግሞ ትስቅ ነበር። ያቺን ትንሽ እፍረት ሊያስቀርላት ብሎ ያንን ክፉ ንግግሯን ያለ መልስ ተቀበለ። ይቅርታ የምትለው ደግሞ አሁን የለም። ንዴቷ አልወጣላትም፤ ግን ከሥሩ የነበረው ነገር ተናደ፣ ምኑን እንደምትይዝ አጣች። አይ አንተ ሰው፣ አለች በሆዷ፣ ምን አደረግኸኝ።

ሰዓት ሠሪው ካርቶኑን ለቧንቧ ሠራተኛው አቀብለው፣ ከዘራቸውን አነሱ። በድዬሻለሁ መሰለኝ አሏት። አልበደሉኝም አለች፤ ድምጿ ከሩቅ ይመጣል። ከወጡ በኋላ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ሆነ።

ወዲያው ባሏ አብሮት ይሠራ የነበረ የአውቶቡስ ሾፌር ገባ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ነፍስ ይማር ብሎ፣ ወዲያ ወዲህ ሲያይ ቦታ ያለው እሷ ጎን ብቻ ነበር። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ሊቀመጥ ሲል ቀልጠፍ ብላ መዳፏን መቀመጫው ላይ ዘረጋች።

«ሰው አለው» አለችው።

ሾፌሩ ይቅርታ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እሷ ባሏ ሎሚውን ይዞ የሚገባ ይመስል እጇን ከወንበሩ ላይ አላነሳችም።